ከእሳቱ ኋላ የነበረው እጅ

ኦስሎ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 2008 በፈረንጅ

ይድረስ ለጋሼ አበጋዝ፣ ናዝሬት

ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ ከበረዶው በቀር የሚያማርረን የለም። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አራት ሳምንት ሊሞላው ነው። የዘገየሁት ረስቼ እንዳይመስልዎት፤ ፊደሉን ፈርቼ ነው። አማርኛ መጻፍ የተማርኩት እዚሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን ነው። አሁን ደግሞ እማዬ ገጹን ሁሉ እያነበበች «አንተ» ያልኩትን «እርስዎ» ታደርግብኛለች። እዚህ ውስጥ አክብሮት ካዩ ግማሹ የእህትዎ የጤናዬ ነው።

እሷ ስለ እኔ የነገረችዎ እውነት ነው። ዩኒቨርሲቲውን ትቼ መርከብ እጠግናለሁ። እዚህ ሌርሊንግ የሚሉት ተለማማጅ ነኝ፤ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። «ሴት ልጅ እንዴት?» ላሉኝ ግን፣ የሥራው ኃላፊ ማርያ የምትባል ኖርዌጂያዊት ናት፤ በመጥረቢያ ሳንቃ ስትጠርብ አንድ ጊዜ ቢያዩዋት ጥያቄውን ይረሱታል።

መርከቢቱ ሃልዲስ ትባላለች። ባለ ሁለት ምሰሶ የእንጨት መርከብ ናት፤ ከመቶ ዐሥር ዓመት በላይ ኖራለች። በሸራ ብቻ በሚኬድበት ዘመን ከሰሜን ደረቅ ዓሣ፣ ከዚህ ደግሞ ሳንቃ ታመላልስ ነበር። አሁን የሚንከባከባት አንድ ማኅበር ነው። የቆመችውም እዚሁ ኦስሎ፣ ግሮንላንድ ከሚሉት ሰፈር በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሄዱ ነው።

ችግሯ ሆዷ ነው። ከውኃ በታች ያለው ሁሉ በባሕር ሣርና እንደ ድንጋይ በጠነከረ ቅርፊት ተሸፍኗል። ሌላውን መርከብ በውኃ ግፊት ያጥቡታል። ሃልዲስን አምና አንድ ጥግ ላይ ሲሞክሯት ግን ግፊቱ ከቅርፊቱ ጋር በሳንቃዎቿ መካከል የተጠቀጠቀውን ቃጫ ይዞት ሄደ፤ እንጨቱንም ቦጨቀው። ታዲያ አንድ ቀን ምሳ ላይ ማርያ «ድሮ እኮ በእሳት ነበር የሚያጸዱት፤ በእጁ የሠራ ሰው አሁን የት ይገኛል?» አለች። እኔ አፌን እንኳ ሳልጠርግ «አጎቴ!» አልኳት።

እማዬ ስትነግረኝ ያደግሁትን ነገርኳት። አጎቴ አበጋዝ ባሕር ኃይል ሳይገባ በፊት፣ ምጽዋ ላይ፣ ሳምቡክ የሚሏቸውን ባለ ሸራ ጀልባዎች ሆድ በእሳት ያጸዳ ነበር፤ ነበልባል ይታዘዝለት ነበር አልኳት። ማርያ ማኘኳን አቆመች።

በአጭሩ ሜይ 24 ቀን፣ ቅዳሜ፣ የሃልዲስን አንድ ጎን በድሮው መንገድ እናጸዳለን። ሐሳቡን ለማኅበሩ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ከተሳካልን ሃልዲስ የልጅ ልጆቼንም ትጭናለች። እሳቱ ሳንቃዋን ካደረቀውና ከከፈተው ግን ዳግም አትንሳፈፍም፤ ማገዶ ትሆናለች። ስለዚህ የሚያውቁትን ሁሉ ይጻፉልኝ። ከእሳቱ ይጀምሩልኝ።

የእህትዎ ልጅ
ቤቴል

-----

ናዝሬት፣ የካቲት 10 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለቤቴል

ብለሽ ብለሽ በበረዶ አገር መርከብ አገኘሽ! ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ ሁለቴ ለጎረቤት። እናትሽን ሳሚልኝ። በስልክ ለምን አትነግረኝም እንዳትይኝ፣ እሁድ እሁድ እናትሽ ስትደውል «ይሰማል? ይሰማል?» ስንባባል ካርዱ ያልቃል። ሥራ ደግሞ በጩኸት አይነገርም።

በይ ስሚኝ። መጀመሪያ መርከቢቱን ማስተኛት ነው። ለዚህ አትድከሚ፤ ባሕር ይሥራልሽ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይመጣል፣ ሁለቴ ይሄዳል። ጨረቃ ስትሞላ ሩቅ ድረስ ይገባል፤ ያን ጊዜ መርከቢቱን እስከ አሸዋው ታስገቢያታለሽ። ውኃው ሲሸሽ ራሷ በጎኗ ትተኛልሻለች።

ቀጥሎ መፋቂያው። ስለቱ እንደ ምላጭ አይሁን፤ እንጨቱን ይበላብሻል። እንደ አሮጌ ቢላ ይሁን። እጀታው ክንድ ያህል ይርዘም፤ አንዱ እጅሽ ይግፋ፣ ሌላው ከስለቱ አጠገብ ሆኖ ይምራ። ሁልጊዜ በሳንቃው ርዝመት ፋቂ፤ አግድም የፋቀ ሰው እኛ ዘንድ ምሳ አይበላም ነበር። ከጉልበትሽ ሥር ጆንያ አድርጊ። ቅርፊቱ ይቆርጣል፤ እኔ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለብኝ። የፋቅሽውን ከእግርሽ ሥር አታከማቺ፣ ወዲያው ወደ ባሕር ጥረጊው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ሽታው ከሥራ ያስወጣሻል።

በመጨረሻ ኖራና ሞራ። የበሬ ሞራ ታቀልጫለሽ፣ ኖራውን ነፍተሽ ትጨምሪያለሽ፣ እንደ ገንፎ እስኪወፍር ታሺዋለሽ። በብሩሽ እንዳትቀቢ! በመዳፍ ነው። እንጨት ቆርቋሪው የባሕር ትል ኖራ አይወድም፤ ሞራው ደግሞ ውኃ አያስገባም። ዘጠኝ ዓመት እጄ በሬ በሬ ይሸት ነበር፤ ምጽዋ ላይ ውሾች ሁሉ ወዳጆቼ ነበሩ።

ስለ እሳቱ፣ እሳት ዓይን ነው፤ በወረቀት አይጻፍም። እደርስበታለሁ።

አጎትሽ
አበጋዝ

-----

ኦስሎ፣ ማርች 9 ቀን 2008

ጋሼ አበጋዝ፣ ሰላምዎ ይብዛ

ያዘኑብኝ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ግን እዚህ ባሕሩ አይሄድም። የእኛ ባሕር ከፍ ዝቅ ቢል አንድ ስንዝር ነው። «ባሕር ይሥራልሽ» ያሉትን ለማርያ ሳነብላት እስኪያልባት ሳቀች። «የአጎትሽ ባሕር ታታሪ ነው፤ የእኛው ሰነፍ ነው» አለች። ስለዚህ በምሰሶዋ እናጋድማታለን። ከሁለቱ ምሰሶዎቿ አናት ወፍራም ገመድ አስረን ወደ ዳር በመዘውር እንስባታለን፤ ሆዷ ከውኃ እስኪወጣ። ዳር ላይ ሆኖ በሰነፍ ባሕር መሥራት እንዲህ ነው።

ሞራውን አገኘሁ። ግሮንላንድ ጤፍ ከምንገዛበት ሱቅ አጠገብ ያለው ሥጋ ቤት ስድስት ኪሎ ሰጠኝ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ለመርከብ» አልኩት፤ ወዲያው ቀጣዩን ሰው ጠራ። ያቀለጥኩት ትቬይታ፣ እቤታችን፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። እማዬ ከሥራ ስትመጣ ሽታው ሊፍቱ ውስጥ ተቀበላት። «ናይ! ናይ! አይሆንም! ቤቴል፣ ይኼ ብሎክ ነው እንጂ ማጀት አይደለም! ስቲረቱ ደብዳቤ ይጽፍብናል!» ብላ መስኮት ሁሉ ከፈተች። በሩም ወዲያው ተንኳኳ። ስቲረቱ፣ የብሎኩ ኮሚቴ፣ መጣ ብለን ስንደነግጥ ጎረቤታችን አሮጊቷ ናቸው። እናታቸው ሳሙና ስትሠራ እንዲህ ይሸት ነበር ብለው፣ ከማሰሮው አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አንድ ሰዓት አሸተቱና አመስግነው ሄዱ።

አሁን ትልቁን ልንገርዎት። ማኅበሩ እርስዎን ሊጋብዝ ወስኗል። ማርያ ናት ያሳመነቻቸው፤ «በዓለም ላይ ይህን በእጁ ያደረገ ሰው ስንት ቀረ? እሳቱን የሚያውቅ ሰው እያለ እኛ በግምት እናቃጥላት?» አለቻቸው። ለእማዬ ስነግራት ካፖርቷን ሳታወልቅ ኮሪደሩ ውስጥ የጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት ሳታይዎት ኖራለች። አላለቀሰችም። «ምን ይበላ ይሆን አሁን?» ነው ያለችው።

ግን ጋሼ፣ ስለ እሳቱ ይጻፉልኝ። ቀኑ እየቀረበ ነው። እማዬ እንደነገረችኝ ምጽዋ ላይ የሚነደው የዘንባባ ቅጠል ነበር፤ እዚህ ዘንባባ የለም፣ የደረቀ የጥድ ቅርንጫፍ እናነዳለን። ይሆናል?

ቤቴል

-----

ናዝሬት፣ መጋቢት 15 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለቤቴል

በዐቢይ ጾም ስለ ስድስት ኪሎ ሞራ የምትጽፊልኝ ምን በድዬሽ ነው? የጴንጤ ልጅ! ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ አፌን ተጉመጠመጥኩ።

የማይሄድ ባሕር አለ ብሎ የነገረኝ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ከደጄ አባርረው ነበር። በምሰሶ ማጋደሙ ይሁን፤ እኛም ለትልልቆቹ እንዲያ እናደርግ ነበር። መጀመሪያ ከውስጧ የሚዛን ድንጋዩን አውጪ፤ አንዷ ድንጋይ እንኳ አትቅር። ስትጋደም ተንከባላ የውስጥ ሳንቃ የሰበረች ድንጋይ አይቻለሁ። ገመዱ ምሰሶው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ጨርቅ ጠምጥሚ። ስትስቡ ደግሞ ትንሽ ስባችሁ ትንሽ አሳርፏት። አሮጊት ናት፤ አሮጊት ተቻኩለሽ አታስተኚም። በተፋቀው ሳንቃ መሐል ያለውን ቃጫ በጣትሽ ጫኚው፤ ከገባልሽ ሞቷል፣ አውጥተሽ በቅጥራን የተነከረ አዲስ ቃጫ ጠቅጥቂ።

እናትሽ ምን እንደምበላ ላሰበችው፣ ከሥጋ በቀር ሁሉንም እበላለሁ በያት፤ እስከ ፋሲካ ነው እንግዲህ። የጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠች ያልሽኝ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ስትሄድ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

ፓስፖርት አውጥቻለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እታለም፣ ጎረቤቴ፣ ሹራብ ጀምራልኛለች። ጉድ ነው። የጥድ ቅርንጫፍ ይሆናል መሰለኝ። ስለ እሳቱ ሌላውን ስመጣ በእጄ አሳይሻለሁ፤ ለምን ወረቀት እናባክናለን?

አበጋዝ

-----

ኦስሎ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 2008

ጋሼ አበጋዝ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን

የግብዣ ደብዳቤው ከዚህ ጋር ነው። ይህን የሚያደርስልዎት የቤተ ክርስቲያናችን እህት ዋጋዬ ናት። ነርስ ናት፤ ለፋሲካ ቤተሰቦቿ ዘንድ ትመጣለች፤ በሜይ መጀመሪያ ትመለሳለች። መልስዎን ለእሷ ይስጧት፤ ፖስታ አይደርስልኝም።

ግብዣው ላይ «የሥራ ዓይነት፦ የመርከብ እሳት ባለሙያ» የሚለውን እኔ ነኝ የተየብኩት። ኤምባሲው ቀን የሚሰጥዎት በሰኔ ነው ብለዋል፤ ስለዚህ ለሜይ 24 አይደርሱም። ማርያ ይህን ስትሰማ አዘነች፤ ግን ግብዣው ይቆያል፤ ሁለተኛው ጎኗ በኦገስት ነው። የመጀመሪያውን በጽሑፍዎ እንሠራለን።

ጋሼ፣ አሁን እውነቱን ልናገር። ስለ መፋቂያው ያሉኝን በቃሌ ይዤዋለሁ። ስለ ሞራው፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ቃጫው ገጽ ሙሉ ጽፈውልኛል። ስለ እሳቱ ሦስት መስመር የላኩልኝ የለም። ብራንቬሰነቱ፣ ማለት የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ፣ ፈቃድ የሚሰጠን በጽሑፍ ካስረዳን ብቻ ነው። ቅጹ ላይ «ዘዴውን የሰጠው ባለሙያ» በሚለው ቦታ የእርስዎን ስም ጽፌያለሁ። ከሥሩ ያለው ባዶ ነው፦ ነበልባሉ አንድ ቦታ ላይ ምን ያህል ይቆያል? ይበቃል የሚለው ማን ነው? በምን አውቆ?

ሦስተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው። ከዚህ በላይ መጠየቅ ለእኔም ለእርስዎም ነውር ነው። እማዬ ለእርስዎ የሚሆን ካፖርት ገዝታ ቁምሳጥኗ ውስጥ ሰቅላለች፤ ቁመትዎን በግምት ነው።

ቤቴል

-----

ናዝሬት፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2000 ዓ.ም.

ቤቴል

ፋሲካ ካለፈ ሦስት ቀኑ ነው፤ አንድ ጉርሻ በደስታ አልወረደልኝም። ዋጋዬ ነገ ትሄዳለች፤ ዛሬ ካልጻፍኩ መቼም አልጽፍም።

እሳቱን ይዤ አላውቅም።

ዘጠኝ ዓመት ምጽዋ ላይ ፋቂ ነበርኩ። ጉልበቴ ላይ ጆንያ አስሬ፣ መፋቂያ ይዤ፣ ከእሳቱ ኋላ በጉልበቴ የምሄድ። እሳቱን የምትይዘው ኡምኩልሱም የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የሳምቡክ ባለቤት ነበር፤ ባሕር ላይ ሲቀር ጀልባውን ለሰው አልሸጠችም። ራሷ አስተዳደረችው፣ ሆዱንም በራሷ እጅ አጸዳችው። ያን ያዩ ሌሎች ባለ ጀልባዎች ይጠሯት ጀመር። የደረቀ ዘንባባ በረጅም እንጨት ጫፍ ታስርና ነበልባሉን ከሳንቃው ሥር ታስኬደዋለች። በእሷ እጅ ሳንቃ የተቃጠለበት ሰው አልነበረም። ወንዶቹ ፊት ለፊት «እመቤት» ይሏታል፤ እኔን ደግሞ ከኋላዬ «የሴት ጅራት» ይሉኛል። ያኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነኝ።

በ1964 ለፈቃድ አገር ቤት መጣሁ። እናትሽ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። «ምጽዋ ምንድን ነው የምትሠራው?» አለችኝ። ከሴት ኋላ ተንበርክኬ ቅርፊት እፍቃለሁ ልበላት? «እሳት እይዛለሁ» አልኳት። ደስ ብሏት አጨበጨበች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ሁለቱም ደርሶብኛል። በማግሥቱ ለእናታችን ነገረቻት፣ እናታችን ለሰፈሩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው? እኔም እያደር ያመንኩት ይመስለኛል። አንቺ በፈረንጅ ወረቀት ላይ «ባለሙያ» ብለሽ ጽፈሽ፣ ከሥሩ ስሜን ሳየው ነው የደነገጥኩት። እናትሽን ለማየት ስል ዝም ብዬ ልመጣ አስቤ ነበር። አልዋሽሽም፤ አንድ ወር ሙሉ አስቤዋለሁ። ግን መርከቧ ትቃጠላለች። ያቃጠልሻትም አንቺ ትባያለሽ።

ስለዚህ ግብዣውን መልሼልሻለሁ፤ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ነው።

አሁን የማውቀውን ልንገርሽ፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ በራሴ እጅ ነው የማውቀው። ኡምኩልሱም ወደ እሳቱ እንጂ ወደ ሳንቃው አታይም ነበር። ነበልባል ፊትሽ ሲሆን እንጨቱን አታዪውም። የሚያየው የፋቂው እጅ ነው። እሳቱ እንዳለፈ የቀኝ እጄን ጀርባ ሳንቃው ላይ አደርጋለሁ። እስከ ሦስት ቆጥሬ እጄ አልችል ካለ ልክ ነው፤ ቅጥራኑ ለስልሷል፣ ትሉ ሞቷል፣ መፋቂያው እንደ ቅቤ ይሄዳል። ሦስት ሳልደርስ ካቃጠለኝ ቆይታለች ማለት ነው፤ «ያላ!» እላታለሁ፣ ትሮጣለች። ሰባት ድረስ ከቻልኩ ቸኩላለች፤ «ተመለሺ» እላታለሁ፣ ትመለሳለች። አንድም ቀን «አንተ ማን ነህ?» ብላኝ አታውቅም። መጋጠሚያው ላይ ያለው ቃጫ ጭሱ ነጭ ከሆነ ደህና ነው፤ ቢጫ ከሆነ ቃጫው ራሱ እየነደደ ነው፣ ውኃ ድፉበት። ሳንቃው እርጥብ ይሁን፤ ከውኃ እንደወጣ ጀምሩ፣ አድሮ አይድረቅ።

የማውቀው ይኼው ነው። ለእናትሽ አንቺ ንገሪያት፤ እኔ አልችልም።

አበጋዝ

-----

ኦስሎ፣ ሜይ 25 ቀን 2008

ጋሼ

በጣም ተናድጃለሁ። መጀመሪያ ይህን ልጻፍና ልገላገል። የተናደድኩት ፋቂ በመሆንዎ አይደለም። አንዲት ሴት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሠራችውን ሥራ ለራስዎ ወስደው፣ በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ደግሞ እኔን «ሴት ልጅ እንዴት?» ብለው ጠየቁኝ። ደብዳቤውን አንብቤ ከትቬይታ እስከ መርከቧ በእግሬ ሄድኩ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ስደርስ ንዴቴ ግማሽ ሆነ። ሌላው ግማሽ እስኪመጡ ይጠብቅዎታል።

ለማርያ ሁሉንም ነገርኳት። ፕሮግራሙን ትሰርዘዋለች ብዬ ነበር። የጻፉትን አስተረጎመችኝ፤ የእጅ ጀርባውን፣ እስከ ሦስት መቁጠሩን። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ «ክብሪት ያለው ሁሉ እሳት መያዝ ይችላል። እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው ነበር የፈለግሁት» አለች። ቅጹ ላይ «ባለሙያ» የሚለውን አርሜ ኡምኩልሱም ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሯ የእርስዎን ስም፣ ፋቂ ብዬ። የብራንቬሰነቱ ሰውዬ «ለዚች ሴት ደውለን ማጣራት እንችላለን?» አለኝ። «ናይ፣ አይቻልም» አልኩት። የእርስዎን ጽሑፍ ተርጉሜ ሰጠሁትና አንብቦ ፈረመ።

ትናንት ሠራነው። እሳቱን ማርያ ያዘችው። እኔ ጆንያ ጉልበቴ ላይ አስሬ ከኋላዋ ተንበረከክሁ። እንዴት እንደነበረ ስንገናኝ በአፌ እነግርዎታለሁ፤ በወረቀት አይሆንልኝም። አራት ጊዜ «ያላ» ብያለሁ፣ ሁለት ጊዜ «ተመለሺ»። ማርያ አንዴም ዞር ብላ አላየችኝም። የእጄ ጀርባ ቀልቷል፤ እማዬ ቅባት አድርጋልኛለች። ማታውኑ ሃልዲስን አቃንተን ወደ ውኃ መለስናት፤ ማርያና እኔ ዛሬ ጠዋት ሆዷ ውስጥ ገብተን አንድ ሰዓት ቁጭ አልን። ጠብታ አልገባም።

ለእማዬ የነገርኳት ከሥራው በፊት ነው። እስክጨርስ ሰማችኝና «እኔ እኮ ያጨበጨብኩት እሳት ስለያዘ አይደለም፤ ስለመጣ ነው» አለችኝ። ከዚያ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ስትወጣ ካፖርቱ እጅጌ ረዝሞ እንደሆነ እያየች ነበር። የእርስዎን ክንድ ልኬት ላኩልን ትላለች።

አዲስ ግብዣ ተያይዟል። ኦገስት 9 ቀን ሁለተኛውን ጎን እንሠራለን። የሥራውን ዓይነት ማርያ ናት ያስጻፈችኝ፦ «የመርከብ ሆድ ፋቂ፣ የዘጠኝ ዓመት ልምድ»። ይህንንም መልሰው ቢልኩት አንቀበልም። ኤምባሲው ሲጠይቅዎት እንደነበረው ይናገሩ።

ቤቴል

-----

ናዝሬት፣ ሰኔ 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለቤቴል፣ ለእህቴ ለጤናዬ

ክንዴ ከትከሻ እስከ አንጓ ስልሳ ሁለት ሳንቲ ነው፤ እታለም ናት የለካችኝ። ሹራቡንም ጨርሳለች፤ እንዴት ብዬ እንደምለብሰው አላውቅም፣ ናዝሬት ይኼን ሰሞን እሳት ሆናለች።

ንዴትሽን ተቀብያለሁ። ግማሹን አስቀምጪልኝ፤ የሚገባኝ ነው። እናትሽ ያለችውን አንብቤ ደጅ ወጥቼ ተቀመጥኩ፤ ጎረቤቶቼ ምን ሆንክ ሲሉኝ ለሁሉም እውነቱን ነገርኳቸው። ከሳቁት አጠገቤ የተቀመጡት በለጡ።

ከትናንት በስቲያ ኤምባሲ ነበርኩ። ቪዛው ተሰጥቶኛል፤ ሐምሌ 24 ቀን፣ ሐሙስ፣ እሳፈራለሁ። ያነጋገረችኝ ወጣት ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ጥሩ ነው። ግብዣውን እያየች «የመርከብ ሆድ ፋቂ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። ከእሳቱ ኋላ እንዴት እንደምሄድ ተንበርክኬ አሳየኋት፤ ዘበኛው ነው ያነሣኝ። ከዚያ «እሳቱንም የያዙት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ይህን ጥያቄ ስመልስ ኖሬያለሁ፤ አፌ መንገዱን ያውቀዋል።

«አይደለሁም» አልኳት። «እሳቱን የያዘችው ኡምኩልሱም ናት።»

ስሙን በኮምፒዩተሩ ጻፈችው። ፊደሉን አንድ በአንድ አስቆጠረችኝና «ምንዎ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አለቃዬ» አልኳት።

አበጋዝ